የምትወዱት ባንድ አዲስ አልበም ቅር ሲያሰኛችሁ ቀጥሎ ምን ትሰማላችሁ?

አልበሙ የሚለቀቀው አርብ አጥቢያ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። ሳልተኛ ጠበቅኩት። መብራቱን አጠፋሁ፣ ሄድፎኔን አደረግኩ፣ ስልኬን ድምፁን ዘግቼ በፊቱ ደፋሁት። ይህን የፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ (ዘፈኑ የሚረዝም፣ ምቱ የሚወሳሰብ የሮክ ዓይነት ነው) ከ30 ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ። ያስተዋወቀኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ካሴቱ ከመደጋገሙ ብዛት አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይዋዥቅ ነበር። ዛሬም ያንን ዘፈን ጥርት ባለ ቅጂ ስሰማው፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ መዋዠቁን እጠብቃለሁ።

አዲሱ አልበም ጥሩ ጀመረ። ኦርጋኑ ከሩቅ መጣ። ጊታሩ ሁለት ኖታ ጣል አደረገ። ደስ አለኝ። ከዚያ ድራሙ ገባ፤ ቀጥ ያለ አራት ምት፣ እስከ መጨረሻው ውልፍት የማይል። ድሮ በሰባት ምት ዘፈን የሚያስጨፍሩን ሰዎች ናቸው እኮ! ቤዝ ጊታሩን ፈለግኩት፣ ከጊታሩ ስር ተቀብሯል። የድምፃዊው ድምፅ ዝቅ ማለቱ አላስከፋኝም፣ ዕድሜ ነው። ያስከፋኝ የሚለውን ነገር የሚያምንበት አለመምሰሉ ነው። አልበሙ 71 ደቂቃ ነው። 50ኛው ደቂቃ አካባቢ ሰዓት ማየት ጀመርኩ። በዚህ ባንድ ሙዚቃ መሃል ሰዓት አይቼ አላውቅም ነበር።

የባንዱን ስም አልጠራም። ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚወድ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ባንድ አያጣም። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ግን ቅሬታዬን ይዤ ቁጭ አላልኩም። ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። የትኛው ለማን እንደሚሆን ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የጎደለውን ለዩ

"አልወደድኩትም" ብቻውን የትም አያደርስም። ምኑን? እኔ ሦስት ቦታ እፈልጋለሁ፦ ቀረጻው ላይ፣ ድርሰቱ ላይ፣ ሰዎቹ ላይ።

ችግሩ ቀረጻው ሲሆን ዘፈኖቹ ደህና ናቸው፣ ጆሮ ግን ቶሎ ይደክማል። ሁሉም መሣሪያ እኩል ይጮኻል። ዝግ ያለው ክፍልና ኃይለኛው ክፍል አይለዩም። የካናዳው ባንድ ራሽ በ2002 ያወጣው "ቬፐር ትሬይልስ" የታወቀ ምሳሌ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ድራመሩ ኒል ፒርት ልጁንና ባለቤቱን በአንድ ዓመት ውስጥ አጥቶ፣ ባንዱም ለዓመታት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ የመጣ ሥራ ነው። ዘፈኖቹ ውስጥ ያ ሁሉ ሐዘን አለ። ነገር ግን ድምፁ ከልክ በላይ ተገፍቶ ስለወጣ ተጨናነቀ። አባላቱ ራሳቸው አልተደሰቱበትም። በ2013 እንደ አዲስ ሚክስ ተደርጎ (የየመሣሪያው ድምፅ እንደገና ተመጣጥኖና ተቀላቅሎ) ሲወጣ፣ ያው ዘፈን መተንፈሻ አገኘ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስሙ። "አልበሙ መጥፎ ነው" እና "ቀረጻው መጥፎ ነው" የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ያኔ በጆሯችሁ ይገባችኋል።

ድርሰቱ ከሆነ የጎደለው፣ ምንም ሚክስ አያድነውም። መለያው ቀላል ነው። አልበሙ ባለቀ ማግስት ጠዋት አንድ ዜማ በአፋችሁ ይመጣል ወይስ አይመጣም?

ሦስተኛው ሰዎቹ ናቸው። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ስም ይቆያል፣ ሰው ይሄዳል። የእንግሊዙ ባንድ ኪንግ ክሪምሰን ከ1969 እስከ 2021 ድረስ ሲወጣ ሲወርድ፣ በሁሉም ዘመን የነበረው ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ ብቻ ነው። ስለዚህ የወደዳችሁት ባንዱን ነው ወይስ በባንዱ ውስጥ የነበረን አንድ ሰው? ይህን ጥያቄ ቶሎ አትለፉት። የኔ ምርጫ ሁሉ የተወሰነው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ ለአልበሙ ጊዜ መስጠት

ይህ ለትዕግሥተኛ ሰው ብቻ አይደለም። የሙዚቃው ባሕርይ ነው የሚያስገድደው። 20 ደቂቃ የሚረዝም ዘፈን በሁለተኛው ደቂቃ ያነሳትን ትንሽ ዜማ በ17ኛው ደቂቃ ለውጦ ሊመልሳት ይችላል። መጀመሪያ ስትሰሙት ዜማዋን ገና አታውቋትም፤ ስትመለስም "መጣች" አትሉም። እኔ ሦስት ጊዜ እሰማለሁ፣ በመካከሉ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን እተዋለሁ። በተከታታይ መስማት ጆሮን ያሰለቻል እንጂ አያስተምርም።

ትዕግሥት ሁልጊዜ ፍሬ ያፈራል ማለቴም አይደለም። የስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1973 "ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ" የሚል ድርብ አልበም አወጣ። አራት የሸክላ ገጽ፣ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ፣ በጠቅላላው ከ80 ደቂቃ በላይ። የራሱ የባንዱ ኪቦርዲስት ሪክ ዌክማን እንኳ አልተዋጠለትም፤ በ1974 ባንዱን ለቆ ወጣ። ከ50 ዓመት በኋላም ወዳጆቹና ነቃፊዎቹ አልተስማሙም። እኔ ከወዳጆቹ ወገን ነኝ፣ ግን ዓመታት ወስዶብኛል።

ለአዲሱ አልበም የሞከርኩትና የሠራልኝ ሌላ ነገር አለ፦ ማሳጠር። በ1970ዎቹ አንድ የሸክላ ገጽ ከ20 ደቂቃ ብዙም ሳይዘል ድምፁን ጠብቆ ይይዛል። ሁለት ገጽ ሲሆን 40 ደቂቃ ገደማ። ስለዚህ ባንዱ ይወድም አይወድም መምረጥ ነበረበት። ደካማው ዘፈን ውጭ ይቀራል። ሲዲ ሲመጣ 74፣ በኋላም 80 ደቂቃ መያዝ ቻለ። ያ በር ተከፈተና ድሮ ይቀር የነበረው ሁሉ ገባ። አንጋፋዎቹ በዚህ በጣም ተጎድተዋል ብዬ አምናለሁ።

እናም ከ71 ደቂቃው ላይ አምስት ዘፈን አወጣሁ። ቅደም ተከተሉንም ቀየርኩ። ረጅሙን ዘፈን ከመጨረሻ አንስቼ ሁለተኛው ገጽ ይጀምርበታል ያልኩት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። 43 ደቂቃ ሆነ። ሌላ አልበም ነው የሆነው። ድንቅ ነው አልልም። ግን ሰዓት አላየሁም።

ይህ መንገድ የሚሆነው ከአልበሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዘፈን ለያዛቸው ሰዎች ነው። አንድም ካልያዛችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

ሁለተኛው፦ ወደ ድሮው መመለስ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚህ ነው። እኔም እንደዚያው። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲሱን እንደጨረሳችሁ ወዲያው የድሮውን አልበም ከከፈታችሁ፣ አዲሱን ገደላችሁት። ሁለቱን በአንድ ምሽት አታገናኙ።

የድሮውን ስትመርጡ ደግሞ የትኛውን ቅጂ? ገበያ ላይ "ሪማስተር" እና "ሪሚክስ" የሚሉ ቃላት ይቀላቀላሉ፣ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። ሪማስተር የሚነካው ያለቀውን ሁለት ቻናል (የግራና የቀኝ) ቅጂ ነው። ድምፁን ያጠራዋል፣ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል፣ ጊታሩን ከኦርጋኑ ግን ሊለይ አይችልም። ሪሚክስ ወደ መጀመሪያው ባለብዙ ትራክ ቴፕ ይመለሳል። ቤዙ ለብቻው፣ ድራሙ ለብቻው፣ ድምፁ ለብቻው ይወጣና እንደገና ይቀላቀላል። ያው ምግብ ማሞቅና ከነጥሬ ዕቃው እንደገና መሥራት ማለት ነው።

በሪሚክሱ በኩል ስሙ የሚነሳው ስቲቨን ዊልሰን ነው። የፖርኪዩፓይን ትሪ ባንድ መሥራች ነው። ከ2009 ጀምሮ የኪንግ ክሪምሰንን የድሮ አልበሞች እንደ አዲስ ሚክስ አደረገ። ከዚያ ጄትሮ ተል፣ የስ፣ ጀንትል ጃየንት እያለ ቀጠለ። እኔን ያስደነገጠኝ በ2013 የወጣው የየስ "ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ" ነው። አልበሙን በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። የአርዕስቱ ዘፈን በወፎችና በሚፈስ ውኃ ድምፅ ይጀምርና ባንዱ በአንዴ ይደረመስበታል። 18 ደቂቃ ከምናምን ይሄዳል። መሃል ላይ ሁሉም ይረጋጋል፣ ሁለት ሦስት ድምፅ እርስ በርሱ ይጠራራል፣ ከዚያ ለንደን ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተቀዳው ትልቁ ኦርጋን ይገባል። በሪሚክሱ ላይ እዚያች መረጋጋት ውስጥ የድምፆቹ መደራረብ በግልጽ ተሰማኝ። ለ20 ምናምን ዓመት አንድ ድምፅ የመሰለኝ ብዙ ሰው ነበር።

ያስከፋችሁ የቀረጻው ነገር ከሆነ ይህ መንገድ የእናንተ ነው። ድርሰቱ ከሆነ ግን የድሮው ቢያጽናናም ጥያቄያችሁን አይመልስም። ትናንት ምን እንደነበረ ቀድሞም ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው፦ የመድረክ ቅጂ

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንጋፋ ባንድ ስቱዲዮ ውስጥ ሲደክም መድረክ ላይ ገና ትኩስ ሊሆን ይችላል። ኪንግ ክሪምሰን የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበሙን ያወጣው በ2003 ነው። በ2014 ሲመለስ አዲስ አልበም አልሠራም። ይልቅ ሦስት ድራመሮችን ከመድረኩ ፊት ደርድሮ፣ ጊታሩንና ሳክስፎኑን ከኋላ አድርጎ፣ የ1969ና የ1974 ዘፈኖችን እንደ አዲስ ሥራ መጫወት ያዘ። እስከ 2021 ድረስ እንዲህ ዞረ። ቅጂዎቹን ስሙ። ሦስቱ ድራመሮች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ምት ላይ አብረው አይወድቁም። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከ40 ዓመት በፊት የተጻፈ ዘፈን ገና ያላለቀ ሥራ ይመስላል።

ስትመርጡ ታዲያ የ1973ቱን የድሮ ኮንሰርት አትውሰዱ። እሱ ያው ወደ ድሮው መመለስ ነው። አዲሱ አልበም በወጣበት ዘመን የተቀዳ ኮንሰርት ፈልጉ። ሰዎቹ ዛሬ ያሉበትን የሚነግራችሁ እሱ ነው። እኔ ለራሴ ባንድ ይህን አድርጌ ልቤ ተሰበረ። መድረክ ላይም ያው ቀጥ ያለ አራት ምት ነበር። ቢያንስ ጥፋቱ የፕሮዲውሰሩ እንዳልሆነ አወቅኩ።

አራተኛው፦ ስሙን ትታችሁ እጁን መከተል

ከሁሉም አጥብቄ የምመክረው ይህንን ነው።

ድምፃዊው ፒተር ጌብርኤል በ1975 ጀነሲስን ሲለቅ ብዙ ሰው ባንዱ አለቀለት አለ። ድራመሩ ፊል ኮሊንስ ማይኩን ያዘና በ1976 "ኤ ትሪክ ኦቭ ዘ ቴይል" ወጣ። ደስ የሚል አልበም ነው፣ ባንዱም አላለቀም። በ1977 ደግሞ ጊታሪስቱ ስቲቭ ሃኬት ወጣ። ድምፁ ውስጥ አንድ ቀለም የጠፋው ለኔ ያኔ ነው። ለዓመታት ከባንዱ ጋር ተጣብቄ "ያ ነገር የት ሄደ?" እል ነበር። የትም አልሄደም! ሃኬት ቤት ነበር። የ1979ኙን "ስፔክትራል ሞርኒንግስ" ስሰማ ያ ረጅም፣ እንደ ሰው ድምፅ የሚያለቅስ ጊታር እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ጌብርኤልም ቢሆን አልተኛም። ከ2002 በኋላ አዳዲስ ዘፈኖቹን በአልበም ያወጣው በ2023 ነው፤ "አይ/ኦ" ይባላል። በዚያ ዓመት ጨረቃ በሞላች ቁጥር አንድ ዘፈን ይለቅ ነበር። እያንዳንዱ ዘፈን በሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ሁለት ጊዜ ሚክስ ተደርጓል፣ አንዱ ብሩህ፣ አንዱ ጠቆር ያለ። 12 ዘፈን በአንዴ ተጭኖብኝ ቢሆን ኖሮ ግማሹን አላስተውለውም ነበር። ወር ጠብቆ አንድ ሲመጣ ግን ወሩን ሙሉ ከዚያ ዘፈን ጋር ትኖራላችሁ።

ይበልጥ የነካኝ ግን የፒንክ ፍሎይድ ነገር ነው። ኪቦርዲስቱ ሪቻርድ ራይት በ2008 ዐረፈ። ባንዱ በ2014 "ዚ ኤንድለስ ሪቨር"ን ያወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተቀዱና ከተረፉ ሙዚቃዎች ላይ ነው። አብዛኛው ያለ ግጥም ይፈስሳል። ያምራል፣ ግን የስንብት አበባ ነው። ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር ደግሞ በ2024 በራሱ ስም "ለክ ኤንድ ስትሬንጅ"ን አወጣ። የአርዕስቱ ዘፈን መሠረቱ ራይት በ2007 አብሮት የተጫወተው ቅጂ ነው። ያ እጅ እንደገና ሲገባ ለማወቅ ሁለት ኮርድ ይበቃል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለመስማት ጊዜ ካላችሁ የጊልሞርን ውሰዱ። በአንድ አዲስ ዘፈን ውስጥ ራይት ሥራ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከድሮው አልበም በጣም የምትወዷትን አንዲት ደቂቃ ምረጡ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሚያስደስታችሁ የማን እጅ ነው? ቤዙ? ኪቦርዱ? ግጥሙን የጻፈው? ስሙን ከሽፋኑ ላይ አንብቡ። ከዚያ ያ ሰው በኋላ የሠራውን ፈልጉ። እኔ ለራሴ ባንድ ስፈልግ፣ የዚያች ደቂቃ ባለቤት ከብዙ ዓመት በፊት የለቀቀው ኪቦርዲስት ሆኖ ተገኘ። አዲሱ ሰው መጥፎ አይደለም። ሌላ ሰው ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ በአልበሙ ላይ የነበረኝ ንዴት ግማሹ በረደ።

አምስተኛው፦ ወጣቶቹ

ወጣት ባንዶች ስል ከአንጋፋዎቹ አንፃር ነው። እዚህ ሁለት ዓይነት አለ፣ እንዳትቀላቅሏቸው።

የድሮውን ድምፅ የናፈቃችሁ ከሆነ የስዊድኑን ኤንግላጎርድ የ1992 "ሂብሪስ" ወይም የኖርዌዩን ዎብለር የ2020 "ድዌለርስ ኦቭ ዘ ዲፕ" ስሙ። ሜሎትሮን ይጠቀማሉ። ሜሎትሮን እያንዳንዱ ቁልፉ ስር ቁራጭ ቴፕ ያለው ኪቦርድ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ የተቀዳው ቫዮሊን ወይም ዋሽንት ይሄዳል፣ ስምንት ሰከንድ ገደማ ሲሆን ቴፑ ያልቃል። ተጫዋቹ ጣቱን ማንሳት አለበት። ሙዚቃው ትንፋሽ የሚወስድ የሚመስለው አንድም በዚህ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለው ቅጂው እስከፈለጋችሁ ይሄዳል፣ ያቺ ትንፋሽ ግን ትጠፋለች።

ድምፁን ሳይሆን ድፍረቱን የናፈቃችሁ ደግሞ ወደ እንግሊዙ ሄከን ሂዱ። የ2013ቱ "ዘ ማውንቴን" ጥሩ መግቢያ ነው። ከበድ ያለ ጊታር ካልወደዳችሁ ቢግ ቢግ ትሬን ይሻላችኋል። ድምፃዊው ዴቪድ ሎንግደን በ2021 ቢሞትም ባንዱ አዲስ ድምፃዊ ይዞ በ2024 "ዘ ላይክስ ኦቭ አስ"ን አወጣ።

ይህ መንገድ የሚከብደው አብሯችሁ ያደገ ትዝታ ስለሌለው ነው። ሙዚቃው ጥሩ ቢሆንም እንግዳ ነው። ጊዜ ስጡት።

ከነዚህ ሁሉ ሌላ፣ "አንጋፋ ሁሉ አልቆለታል" የሚል ስሜት ለያዘው ሰው አንድ ማስረጃ ልስጥ። ራሽ በ2012 "ክሎክወርክ ኤንጅልስ"ን ሲያወጣ ከመጀመሪያው አልበሙ 38 ዓመት አልፎ ነበር። የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበሙ ሆነ፤ ኒል ፒርት በ2020 ዐረፈ። ያ አልበም ላይ ድራሙ ይሮጣል፣ ቤዙ ያሳድደዋል፣ ማንም አልደከመም። ዕድሜ ብቻውን ምክንያት አይደለም።

እኔ አሁን ያለሁት በአንደኛውና በአራተኛው መካከል ነው። ማታ ማታ የኪቦርዲስቱን የብቻ ሥራዎች እሰማለሁ። 43 ደቂቃውን ደግሞ ባለፈው ሳምንት ለታላቅ ወንድሜ ላክሁለት። ሙሉውን አልበም ሰምቶ እንደኔው አዝኖ ነበር። ትናንት መልስ ጻፈልኝ። "ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያለውን ቤዝ ሰማኸው?" አለኝ። አልሰማሁትም። "ሄድፎኑን ተውና በስፒከር ክፈተው" አለኝ።

ዛሬ ማታ እከፍተዋለሁ።